የሐረጎው ዳዶ

ኮምቦልቻ ውስጥ ሰው ሞቅ ብሎት ሲምል ሽማግሌዎች የሚያነሷት አንዲት አባባል አለች። መነሻዋ ሐረጎ ዳገት ላይ የላላ አንድ የብሎን ዳዶ ነው።

ያኔ መኪና ጥቂት ስለነበር፣ ሰው ቤቱ ተቀምጦ የማን መኪና እንዳለፈ በድምፁ ይለይ ነበር። የሙሄን ላንድክሩዘር የማያውቅ አልነበረም። ስድስቱ ሲሊንደሮቿ በአንድ ረድፍ የተሰለፉ፣ አባቱ ሲሞቱ የተዉለት መኪና ናት። አባቱ እጃቸውን ይጠርጉበት የነበረው ጨርቅ እንኳ ከባትሪው ጎን እንደተወተፈ ነበር፤ ሙሄ አላነሳውም።

አንድ ቅዳሜ ገበያ ዳር፣ አዲስ ፒክአፕ የገዛው ጓደኛው አራጋው፣ "ያቺ አሮጊት ሳሏ እንዴት አደረ?" አለው። ሰው ሳቀ። የሙሄ ፊት ጋለ።

"ነገ ሐረጎን ቀድማህ ካልወጣች ቁልፏን ውሰድ።"

"የአባትህን መኪና?"

"ምያለሁ።"

ሙሄ ለጉልበት ብሎ ከአዲስ አበባ ያስመጣው የጭስ ማውጫ ነበረው፤ ከየሲሊንደሩ ወጥተው ታች አንድ ላይ የሚገናኙ ስድስት ረጃጅም ቱቦዎች። በማግስቱ ጠዋት የአባቱ ወዳጅ ጋሽ ደምሌ ጋራዥ ይዞት ሄደ። ጋሽ ደምሌ ከባዱን አሮጌ ማውጫ አወረዱ፤ የሞተሩን ፊት እስኪያበራ ፋቁ፤ ጭስ እንዳያፈተልክ የሚያሽግ አዲስ ጓርኒሲዮን አስገብተው አዲሱን ማውጫ ገጠሙ፤ ዳዶዎቹንም ከመሐል ወደ ዳር እያፈራረቁ አጠበቁ። ሞተሩ ሲነሳ ድምፁ ወፍራምና አንድ ወጥ ሆነ። ሙሄ ዓይኑን ጨፈነ። አባቱ ይህን ሰምተው ቢሆን።

"በል አጥፋውና ይብረድ" አሉ ጋሽ ደምሌ። "ጓርኒሲዮኑ በሙቀት ተጨፍልቆ ይተኛል። ሲበርድ ደግሜ ላጥብቀው።"

"አራጋው መንገድ ላይ ቆሟል ጋሼ። በትኩሱ ያጥብቁልኝ።"

"በትኩሱ መፍቻው ያታልላል። የጠበቀ ይመስልሃል።"

"እርስዎም እንደ አራጋው አትችልም ሊሏት ነው?"

ሽማግሌው መፍቻውን አንስተው አጠበቁት። ውርርድ ያለ ምስክር አይሆንምና መኪናዋ ውስጥ አጠገቡ ተቀመጡ።

ዳገቱ መጀመሪያ ላይ መኪናዋ በረረች። የአራጋው ፒክአፕ በመስታወቱ ውስጥ እያነሰ ሄደ። ከጥቂት ጠመዝማዛ በኋላ ግን ከኮፈኑ ሥር ጠቅ ጠቅ የሚል ነገር ተሰማ።

"ሰማህ?"

"ደርሰናል ጋሼ።"

ጠቅ ጠቅታው ወደ ፉጨት ተለወጠ፤ ከዚያ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ። በላላው ዳዶ በኩል ያፈተለከው እሳት የሞተሩን የኤሌክትሪክ ገመዶች በልቷቸው ነበር። መኪናዋ አነከሰች፣ ተንገጫገጨች፣ ቆመች። አራጋው ጥሩንባውን እየነፋ አለፋቸው።

አራጋው ጫፍ ደርሶ ሲመለስ ሙሄ ኮፈኑን ከፍቶ ቆሞ ነበር። የአባቱን ጨርቅ ከባትሪው ጎን አውጥቶ ኪሱ ከተተ፤ ከዚያ ቁልፉን ዘረጋ። አራጋው ከኪሱ ብቅ ያለውን ጨርቅ አየ፤ እጁን አልሰነዘረም።

"ምስክሩ ይናገሩ" አለ ቀስ ብሎ።

ጋሽ ደምሌ ወደ ሞተሩ ጎንበስ አሉ። ብረቱ በርዷል። መሐል ያለውን ዳዶ ያለ መፍቻ በሁለት ጣታቸው ፈትተው መዳፋቸው ላይ አሳዩአቸው። ከዚያ ቁልፉን የያዘውን የሙሄን እጅ ወደ ደረቱ መልሰው፣ "መሐላም እንደ ዳዶ ነው ልጆቼ፤ በትኩሱ የጠበቀ ሲበርድ ይላላል" አሉ።