ብርቄን ከቁርበቱ ማን አስነሳት?

ላውራ? «አውሪ» በሉኛ! እንዲያ ነው።

እማዋይሽ የምትባል እናት ነበረች፤ ብርቄ የምትባል ልጅ ነበረቻት። ብርቄ የመጀመሪያ ጥርሷን ስታወጣ እማዋይሽ መንደሩን ጠርታ አሳየች። «እምቢ» ማለት ስትለምድ እማዋይሽ በደስታ አለቀሰች። ብርቄ መቆምም ችላለች፤ «ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!» ሲባልላት ግን ደስ ብሏት ታጨበጭባለች፣ ስታጨበጭብ ዘፍ ትላለች። መራመድማ የለም።

ታዲያ እማዋይሽ ደስታዋን አፏ አልችል ብሎ፣ ለአጨዳ ቆላ ወርዶ ለከረመው ለባሏ ለአየነው «ልጅህ ድክ ድክ ትላለች በሉት» ብላ በመንገደኛ ላከችለት። አይ እናት! ነገ ትራመዳለች ብላ እኮ ነው።

ያ ነገ ግን አልመጣም፤ አየነው ግን ዛሬ ሊመጣ ነው። ጎረቤቷ እትዬ የውብዳር ደግሞ ከማለዳ ጀምሮ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው «እስቲ ስትሄድ እንያት» ይላሉ። ብርቄ ቁርበቱ ላይ ተዘርፍጣ ጣቷን ትጠባለች።

«ብርቄዬ፣ የኔ ጌጥ፣ ተነሺና ተራመጂ።»

«እምቢ!»

እማዋይሽ ወደ ዶሮዋ ሄደች። «ዶሮ ሆይ፣ ብርቄ ፊት ሩጪ። ብርቄ መራመድ እምቢ አለች፤ አባቷ ሊመጣ ነው፣ ጉዴ ሊፈላ ነው!»

«እምቢ» አለች ዶሮ፣ «አመድ ላይ እየተንከባለልኩ ነው።»

ወደ ውሻው ሄደች። «ውሻ ሆይ፣ ዶሮን አባር። ዶሮ መሮጥ እምቢ አለች፣ ብርቄ መራመድ እምቢ አለች፤ አባቷ ሊመጣ ነው፣ ጉዴ ሊፈላ ነው!»

«እምቢ» አለ ውሻ፣ «ስጮህ አድሬ አሁን ገና ጋደም ማለቴ ነው።»

ወደ ገመዱ ሄደች። «ገመድ ሆይ፣ ውሻን እሰር። ውሻ ማባረር እምቢ አለ፣ ዶሮ መሮጥ እምቢ አለች፣ ብርቄ መራመድ እምቢ አለች፤ አባቷ ሊመጣ ነው፣ ጉዴ ሊፈላ ነው!»

«እምቢ» አለ ገመድ፣ «ፍየል ሳስር ኖሬ፣ አሁን ተሰቅዬ ባርፍ ምን አለበት?»

ወደ አይጧ ሄደች። «አይጥ ሆይ፣ ገመድን ቆርጥሚ። ገመድ ማሰር እምቢ አለ፣ ውሻ ማባረር እምቢ አለ፣ ዶሮ መሮጥ እምቢ አለች፣ ብርቄ መራመድ እምቢ አለች፤ አባቷ ሊመጣ ነው፣ ጉዴ ሊፈላ ነው!»

«እምቢ» አለች አይጥ፣ «ጎተራው አጠገቤ እያለ ገመድ ምን ይበጀኛል?»

ወደ ድመቷ ሄደች። ድመት ከብርቄ ቁርበት አጠገብ ፀሐይ ትሞቃለች። «ድመት ሆይ፣ አይጥን ያዢ። አይጥ መቆርጠም እምቢ አለች፣ ገመድ ማሰር እምቢ አለ፣ ውሻ ማባረር እምቢ አለ፣ ዶሮ መሮጥ እምቢ አለች፣ ብርቄ መራመድ እምቢ አለች፤ አባቷ ሊመጣ ነው፣ ጉዴ ሊፈላ ነው!»

«እምቢ» አለች ድመት አንድ ዓይኗን ገልጣ። «እኔ በዚህ ቤት የምፈራው የለም።»

ይህን ጊዜ ከታች መንገድ የአየነው ድምፅ ተሰማ። «እማዋይሽ! መጣሁልሽ!» እማዋይሽ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። የምትለምነው ሁሉ አልቆባታል። በባሏ ፊት ውሸታም ልትባል ነው፤ ይሄ ሁሉ የመጣው ልጇን ከመውደዷ እኮ ነው።

ድመትስ? ድመት ኩራቷ በዝቶ ጭራዋን ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ አወናጨፈችው። በብርቄ ዓይን ፊት! ብርቄ ጣቷን ከአፏ አወጣች፣ ጭራውን በሁለት እጇ ጨበጠች፣ ጎተተች።

ከዚያ በኋላማ ማን ይያዛቸው! ድመት ከብርቄ ልታመልጥ አይጥ ላይ ዘለለች። አይጥ ከድመት ልታመልጥ ገመዱ ላይ ወጥታ በድንጋጤ ትቆረጥመው ጀመር። ገመድ ከአይጥ ሊያመልጥ ወርዶ ውሻው አንገት ላይ ተጠመጠመ። ውሻ ከገመድ ሊያመልጥ ተፈናጥሮ ዶሮዋን አባረራት። ዶሮ ከውሻ ልታመልጥ በብርቄ አፍንጫ ሥር እየተንጫጫች አለፈች።

«ዶዮ!» አለች ብርቄ። ተነሣች። ማጨብጨቡን ረሳችው። ዶሮዋን ብቻ እያየች ድክ፣ ድክ፣ ድክ አለች። ግቢውን አቋርጣ፣ እትዬ የውብዳርን አልፋ፣ በሩ ጋ ደረሰች። ዶሮዋ በአየነው እግሮች መካከል ሹልክ አለች፤ ብርቄ የአባቷ ጉልበት ላይ ተለጠፈች።

«እልልልል!» እማዋይሽ አቀለጠችው። እትዬ የውብዳርም ሳያስቡት እልል አሉ።

«እውነትሽን ኖሯል እንዴ?» አለ አየነው ጓዙን ጥሎ። «እኔማ እናት ናት፣ ልቧ ቸኩሎ ነው ብዬ ነበር።»

«አንተ ደግሞ! ዋሽቼ አውቃለሁ?» አለች እማዋይሽ፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

አየነው ልጁን ሊያቅፋት እጁን ዘረጋ። ብርቄ ቀና ብላ አየችው፣ ጉልበቱን በመዳፏ ገፋ አደረገችው።

«እምቢ!» አለችና፣ ዶሮዋን ተከትላ መንገዱን ተያያዘችው። እናትና አባት እየሳቁ ከኋላዋ ሮጡ።

ተረቴም እግር አውጥቶ ሄደ፤ የደረሰበት ለልጁ ይንገር።