ማግኔት የማይስበው ብረት

ቁራጯ ተጥላለች። የሁለት ዓመት ሥራ፣ ከጥፍር የማትበልጥ ብረት፣ ከተሰባበረ ብርጭቆ ጋር የቆሻሻ ካርቶን ውስጥ ገብታለች።

የጣሏት ሰው ክፉ አልነበሩም። ጋሽ ወንድይራድ የዩኒቨርሲቲውን ቤተ ሙከራ ሠላሳ ዓመት ጠብቀዋል። ስም ያልተጻፈበት ብረት ሲያገኙ በክር ያንጠለጠሏትን ማግኔት ያስጠጋሉ። ከተሳበ መደርደሪያ፤ ካልተሳበ ካርቶን። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህች ማግኔት አሳፍራቸው አታውቅም።

ሁለት ዓመት የሠራችባት ተማሪ ሐሙስ ሥራዋን ልታስረዳ መምህራኗ ፊት ትቆማለች። ያለዚያች ቁራጭ የምታሳየው ነገር የላትም።

«ጋሼ፣ ጠረጴዛዬ ላይ የነበረችውስ?»

«እሷ? የሞተች እኮ ናት! ማግኔት አይስባትም።»

«ለዚህ አይደል የመረጥኳት!»

«ቀድመሽ ብትነግሪኝ ለቅሶ እደርስሽ ነበር።»

አልሳቀችም። ካርቶኑን ገልብጣ ቁራጯን አገኘችና ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚያልፍባት ከሚያሳየው መለኪያ ጋር በሽቦ አገናኘቻት።

እዚያች ብረት ውስጥ ያለ አቶም ሁሉ ትንሽ ማግኔት ነው። አንዱ ወደ ቀኝ ሲያይ ጎረቤቱ ወደ ግራ ያያል። እኩል ስለሚጓተቱ ከውጭ ምንም አይታይም። ምንም የለም ማለት ነው?

ጋሽ ወንድይራድ ማግኔታቸውን ደግመው አስጠጉ። የመለኪያው ቁጥር ንቅንቅ አላለም። ተማሪዋ በብረቷ ውስጥ ለቅጽበት ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ሰደደች። በውስጧ የተሰለፉት አቶሞች ሁሉ ዞሩ፤ ቁጥሩም ተለወጠ። ኤሌክትሪኩን አጠፋች። ቁጥሩ በተለወጠበት ቀረ።

እናንተስ፣ ወገኖቼ? እናንተ በክር ያንጠለጠላችሁት ምንድን ነው? ጮክ ብሎ «አሜን» የማይለውን፣ በጸሎት የማያለቅሰውን ሰው፣ ወደ እናንተ ስላልተሳበ ብቻ የትኛው ካርቶን ውስጥ ጣላችሁት? ከውጭ አስጠግታችሁ ሞክራችኋል፤ አውቃለሁ። ቤቱ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ምን እንደሚያስጨንቀው ሰምታችኋል? እግዚአብሔር በር ላይ ቆሞ «ይህ ሰው ሞቷል» አይልም፤ ወደ ውስጥ ይገባል። በውስጥ ያለፈ ነገር ብቻ ነው ሰውን የሚያዞረው፤ ካለፈም በኋላ ለውጡ ይጸናል።

ጋሽ ወንድይራድ ቁጥሩን ደጋግመው አዩት። ማግኔታቸውን በክሩ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ።

«እኔ እኮ… መች አወቅኩ፣ ልጄ?»

«አልጠየቁኝማ፣ ጋሼ።»

ብረቷን በጥጥ ጠቅልላ ወጣች። በሩንም ዘጋችው።