የማስተዋል ቀሚስና ገና ያልተወለደው ፕሮግራም

ተረት ሁሉ በረት ውስጥ አይታሰርም፤ የዛሬው የታሰረው ኮምፒውተር ላይ ነው።

ማስተዋል እሑድ ልታገባ ነው። የጎደላት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለሠርግ ቀሚሷ ጠርዝ አንድ መስመር ጥልፍ። እህቷ ጥሩወርቅ ጥልፍ ሠሪ ናትና እኔ አለሁልሽ አለቻት። ጥሩወርቅ ደግሞ «ለምን?» ሳትል የማትውል ሴት ናት።

ቀሚሱን አዲሱ የጥልፍ መኪና ላይ ዘረጋችው። መኪናው አልጠልፍም አለ። ለምን? ንድፉን የሚልክለት ፕሮግራም የለማ።

ፕሮግራሙን በአባቷ ኮምፒውተር ላይ ጫነችው። እሱም አልከፈትም አለ። ብትነካው ዝም፣ አጥፍታ ብታበራው ዝም፣ አንስታ እንደገና ብትጭነው ብልጭ ብሎ ድርግም። ፕሮግራሙ ንድፉን አይልክ፣ መኪናው ቀሚሱን አይጠልፍ።

ሌላው ሰው ተራግሞ ይተወው ነበር። እሷ ግን ምን አስከፍቶት ይሆን ብላ ይበልጥ ጓጓች። የብልጭታዋን ጽሑፍ ተሽቀዳድማ ብታነብ፣ ፕሮግራሙ የተሠራው አምና ነው፤ በኮምፒውተሩ ቀን መቁጠሪያ ግን ገና አልተወለደም። ለካ የኮምፒውተሩ ሳጥን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ አባቷ ዓመተ ምሕረቱን በእኛ ሞልተውለት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ጥለውታል! የልቃቂቱ ውል ተገኘ ብላ ደስ አላት። ልታርመው ስትል ግን የይለፍ ቃል ተጠየቀች። ቀን መቁጠሪያው ፕሮግራሙን አይወልድ፣ ፕሮግራሙ ንድፉን አይልክ፣ መኪናው ቀሚሱን አይጠልፍ።

የይለፍ ቃሉን የሚያውቁት አባቷ አቶ ገሠሠ ብቻ ናቸው። እሳቸው ደግሞ በባሕረ ሐሳብ የሰፈሩን ጾምና በዓል የሚያወጡ ሰው ናቸው።

«በገዛ ቤቴ ዘመኔን አላስለውጥም» አሉ።

ብትለምናቸው እንቢ፣ ብታስረዳቸው እንቢ። አቶ ገሠሠ የይለፍ ቃሉን አይሰጡ፣ የይለፍ ቃሉ ቀን መቁጠሪያውን አይፈታ፣ ቀን መቁጠሪያው ፕሮግራሙን አይወልድ፣ ፕሮግራሙ ንድፉን አይልክ፣ መኪናው ቀሚሱን አይጠልፍ። ቀኑ ደግሞ ቅዳሜ ሆነ።

ይሄኔ ሙሽራዋ ገባች። ነገሩን ከእህቷ ሰማችና ከአባቷ ፊት ቆመች።

«አባዬ፣ በዚህ ሳጥን ዘመን እኔ ገና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ነገ የሚድሩኝ በልጅነቴ ነው?»

አቶ ገሠሠ ሳጥኑን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። ልጅን ያለ ዕድሜዋ መዳር በእሳቸው ቤት ነውር ነው። ጋቢያቸውን በእጃቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ማንም ሳያይ የይለፍ ቃሉን መቱ።

የይለፍ ቃሉ ቀን መቁጠሪያውን ፈታ፣ ቀን መቁጠሪያው ፕሮግራሙን ወለደ፣ ፕሮግራሙ ንድፉን ላከ፣ መኪናው ቀሚሱን ጠለፈ።

ጥልፉ ሊያልቅ ሲል አቶ ገሠሠ ጥሩወርቅን ቀስ ብለው ጠሯት።

«ሳጥኑ እንደ ወደደ ይቁጠር። ቀሚሱ ግን በእኛ ይቁጠር።»

ማስተዋል እሑድ ስትዳር የቀሚሷ ጠርዝ ላይ ጥልፉ ነበር፤ ገለጥ ሲል ደግሞ ከውስጥ በኩል በግእዝ ቁጥር ፳፻፲፯ ዓ.ም. ይላል።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ከሠርጉ ድፎ ቁረሱልኝ።