ድልድዩን ያስከፈተው ድምፅ

አንድ የድልድይ ጠባቂ ነበር፤ ስሙ ደርብ ይባላል። አገሩን ትልቅ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል፤ ከዳር እስከ ዳር የሚያሻግረውም እሱ የሚጠብቀው ድልድይ ብቻ ነበር። ሚስቱ ስንዱ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ማዶ እናቷ ቤት ሄዳ ሳለ በዚያው በማዶ ክፉ ወረርሽኝ ገባ። ድልድዩም ተዘጋ። ደርብ የልጁን መወለድ የሰማው በጩኸት ነው። አንድ ዓሣ አጥማጅ ከማዶ ቆሞ፣ "ሴት ናት! ሁለቱም ደኅና ናቸው!" አለው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ደርብ ማዶ ማዶውን ሲያይ ይውላል። ማንን ትመስል ይሆን? ስምስ አውጥተውላት ይሆን? እህል ሲቀርብለት እንኳ ሐሳቡ እዚያው ነው።

በዚህ መሃል የአገሪቱ ምርጫ ደረሰ። በሥልጣን ላይ ያለው መሪ፣ "ድልድዩን እከፍትላችኋለሁ፤ ከናፈቃችሁት ሰው ትገናኛላችሁ" አለ። ተፎካካሪው ሐኪም ነበረች። እሷ ደግሞ፣ "ሁለት ወር ብቻ ታገሡ። ቀለብና መድኃኒት በጀልባ እናሻግራለን። አሁን ከተከፈተ ግን በሽታው ሁላችንንም ያዳርሰናል" አለች። ሰው ሳያጨበጭብላት ተበተነ።

ምርጫው ሁለት ሳምንት ሲቀረው የመሪው መልእክተኛ መጥቶ፣ "ክፈት" አለው።

"በሽታው ጠፋ እንዴ?" ሲል ጠየቀ ደርብ።

"አልጠፋም። አንተ ግን ልጅህን ማየት አትፈልግም?"

ደርብ ከማዶ በየቀኑ የሚወጣውን አስከሬን በዓይኑ ሲያይ ከርሟል፤ ሐኪሟ እውነቷን እንደሆነ ልቡ ያውቃል። ቢሆንም ደስ እያለው ከፈተው።

ለምርጫ ቅስቀሳ የሚሻገረው ሰው ከመብዛቱ የተነሳ ግን ደርብ ከበሩ መነቃነቅ አልቻለም። ለስንዱ፣ "በዚህ ግርግር ጨቅላ ይዘሽ እንዳትወጪ። ምርጫው እሑድ ነው፤ ሰኞ እኔ እመጣለሁ" ብሎ ላከባት። እሑድ ድምፅ ሊሰጥ ሲገባ ብዕሩን ይዞ ብዙ ቆመ። በመጨረሻም ምልክቱን ድልድዩን ለከፈተው መሪ አኖረ።

መሪው አሸነፈ። ሰኞ ማለዳ ደርብ ንጹሕ ልብሱን ለብሶ፣ ለልጁ የገዛትን ትንሽ ሹራብ በእጁ ይዞ ሊነሳ ሲል መልእክተኛው ከች አለ።

"ዝጋ! በሽታው ወዲህም ተሻግሯል።"

ለካ መሻገሩ ከታወቀ ቀናት ተቆጥረዋል፤ ምርጫው እስኪያልፍ ተብሎ ተደብቆ ኖሯል። ደርብ ድልድዩን በገዛ እጁ ቆለፈ።

ድልድዩ ሁለት ወር ሳይሆን አሥራ አራት ወር ተዘጋ። በሁለቱም ዳር ብዙ ሰው አለቀ፤ የስንዱም እናት ሞተች። በመጨረሻ በሽታው ጠፍቶ በሩ ሲከፈት ደርብ እየሮጠ ተሻገረ። ሕፃኗ በእግሯ ትሄድ ነበር። እጁን ሲዘረጋላት ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተሸሸገች።

"አባትሽ እኮ ነው" አለቻት ስንዱ፤ ልጅቱ ግን አልወጣችም።

ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያለቅሱ ቆዩ። ከዚያ ስንዱ፣ "ያን ጊዜ ማንን ነው የመረጥከው?" ብላ ጠየቀችው።

ደርብ አንገቱን ደፋ። "ያገናኘናል ያልኩትን።"

"እኔም እሱኑ ነው" አለች ቀስ ብላ። "ናፍቀኸኝ ነበር።"

ናፍቆት ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን መከራ በመጣ ጊዜ የሚመሩን ሰዎች ከሰጠነው ድምፅ የተሻሉ ሊሆኑልን አይችሉም፤ ጣፋጩን ቃል ስንመርጥ እውነቱን የሚነግረን ሰው ብቻውን ይቀራል። የዚያም ዋጋ ለምንናፍቃቸው ሰዎች ይተርፋል። እርስዎስ፣ ውድ አንባቢ፣ በዚያች እሑድ በደርብ ቦታ ቢሆኑ ምልክትዎን የት ያኖሩ ነበር?