ዘሩን እየቆላ የሸጠው ባለጠጋ

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው። ሁለት በሬና አንድ ግትር ራስ ነበረው፤ ሌላ ይህ ነው የሚባል ሀብት አልነበረውም።

ቆይ፣ ማስተዋል፣ ፊትሽን አታጨፍግጊብኝ። «ጋሼ፣ እኔ ስለ ፕሮግራም ስጠይቅዎት እርስዎ ስለ ገበሬ ያወራሉ» ልትዪኝ ነው። ጥያቄሽን አልረሳሁትም። ሦስት ዓመት ደክመሽ በእጅ የተጻፈ አማርኛ የሚያነብ ፕሮግራም ሠራሽ። ኮዱን ለፈለገው ሁሉ በነጻ ሰጠሽ፤ ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁትን ፈቃድ ግን አያያዝሽበት፤ «ወስዶ ለሌላ የሚያስተላልፍ ኮዱንም አብሮ ይስጥ፣ የሠራውንም ሰው ስም አይፋቅ» ይላል። አንድ ድርጅት ወሰደና ስምሽን ፋቀ፣ ኮዱን ቆልፎ ፕሮግራሙን ለትምህርት ቤቶች ሸጠ። አንቺም ዛሬ ደብዳቤ ጽፈሽ መጣሽ፦ «ፈቃዳችሁ ለዘላለም ተቋርጧል፤ ከእናንተ የወሰዱት ትምህርት ቤቶችም ያጥፉት።» ልላከው ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። እንግዲህ መልሴን ስሚ።

የገበሬው አገር ደጋ ነው። ገብሱ ሊያሸት ሲል ውርጭ ይመታዋል፤ ሰው ዓመት የለፋበት በአንድ ሌሊት ይከስላል። ይህ ግትር ሰው ከውርጭ የተረፈውን ዛላ ብቻ እየለቀመ፣ እሱኑ እየዘራ፣ ደግሞ እየለቀመ አሥራ አንድ ዓመት ቆየ። ጎረቤት ሳቀበት። ሚስቱ እንኳ «አንተ ሰውዬ፣ ያገባኸው እኔን ነው ወይስ ገብሱን?» ትለው ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ክፉ ውርጭ መጣ፤ የአገሩ ማሳ ሁሉ ወደመ፣ የሱ ቆመ። ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም።

ዘሩን የጠየቀው ሁሉ ያለ ዋጋ ወሰደ። ግን የሚሰጠው በሽማግሌ ፊት ነበር፤ ተቀባዩም ቃሉን ይደግማል፦ «ዘር የጠየቀኝን ዘር አልከለክልም። ከማን እንደመጣ አልደብቅም። ይህን ያፈረስኩ ቀን መዝራቴ ይቅር።» በዚያ አገር የዘር ቃል ቀልድ አይደለም። ቃሉን ባፈረሰ ሰው ማሳ ላይ በሬ ጠምዶ የሚገባ አራሽ አይገኝም።

አንድ ባለጠጋም ቃሉን ደግሞ አንድ ቁና ወሰደ። መጀመሪያ ደህና ሰው ነበር፣ ምን አስዋሸኝ! ከወንዝ ማዶ ላሉ ሰባት ቤተሰቦች ከራሱ ምርት ዘር ሰጥቷል። በኋላ ግን ማሳው ሲሰፋ ልቡ ጠበበ። «ለሁሉ ከሰጠሁ እኔን ማን ይፈልገኛል?» አለ። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ለራሱ ዘር የሚሆነውን በአንድ ጎተራ ቆለፈና የቀረውን እያስቆላ፣ እያስፈጨ፣ በሶ አድርጎ ይሸጥ ጀመር። የተቆላ ገብስ ይበላል እንጂ አይበቅልማ! በዚያ ላይ «የኔ ገብስ» አለው። ማሳው በውርጭ ያለቀበት አንድ ድሃ ዘር ሊለምነው ቢመጣ «በሶህን በጥብጠህ ጠጣና ሂድ» ብሎ መለሰው።

ድሃው ሄዶ ለገበሬው ነገረው። ገበሬው ሆዱ ባሰው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አጎንብሶ የለቀመው ዛላ! ጎረቤቶቹ ደግሞ አጋጋሉት። «ንጠቀው! ከሱ የወሰዱትን የወንዝ ማዶዎቹንም ንጠቃቸው፤ የሌባ ዘር ነው» አሉት። ዱላውን አንሥቶ ወጣ።

ወንዙን እንደተሻገረ አንዲት ባልቴት ደጇ ላይ የዘር ገብስ ስታበጥር አገኘ። አታውቀውም። «ይህ ገብስ ከማን ነው?» አላት።

«እኔ የወሰድኩት ከባለጠጋው ነው። መጀመሪያ ያወጣው ግን ወዲያ ማዶ ያለ አንድ ገበሬ ነው፣ ዕድሜ ይስጠው። አንተስ ወንድሜ፣ ዘር ጎድሎብህ ነው? ስልቻህን አምጣ» አለችው።

ገበሬው ዱላውን ዝቅ አደረገ። ቃሉን ከሱ አንደበት ሰምታው አታውቅም፤ ግን ጠብቃዋለች። «ዘሩ በባለጠጋው እጅ አለፈ እንጂ ፈቃዷ የመጣው ከኔ ነው» አለ በልቡ። «ሰውዬው ስላጠፋ እሷን ብነጥቅ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ነው።» ዱላውን እዚያው አጥሯ ላይ ትቶ፣ ሽማግሌዎች ጠርቶ፣ ባለጠጋው ደጅ ደረሰ።

«ቃልህን አፍርሰሃል» አለው። «ያን ድሃ ከመለስክበት ቀን ጀምሮ የመዝራት ፈቃድህ ቆሟል። ግን የመጀመሪያ ጥፋትህ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ሠላሳ ቀን አለህ። ጎተራህን ከከፈትክ፣ የከለከልከውን ከሰጠህ፣ ገብሱ ከማን እንደመጣ ከተናገርክ፣ ፈቃድህ እንደነበረ ይመለሳል። ካልሆነ በሠላሳ አንደኛው ቀን በዳኛ ፊት እንገናኝ።»

ባለጠጋው ሳቀ። «መሬቱ የኔ፣ በሬው የኔ! ማን ይከለክለኛል?» አለ። ሃያ ቀን አለፈ። ሰማዩ ያጉረመርም ጀመር፤ ባለጠጋው ሊያዘራ አራሾቹን ጠራ። የአራሾቹ አለቃ ሞፈሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ «ጌታዬ፣ ቃሉ የፈረሰ ዘር አንዘራም» አለው። ያኔ ደነገጠ። ሌላ ገብስ እንዳይዘራ ውርጩን ያውቀዋል፤ ማሳው ጦሙን ሊያድር ነው።

በሃያ ስምንተኛው ቀን፣ በገበያ መሐል፣ ስልቻ ሙሉ ዘር በራሱ ትከሻ ተሸክሞ ታየ። ጉድ ነው! ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀለት። ድሃው ደጅ አወረደና «በሶ ጠጥተህ ሂድ ያልኩህ እኔ ነኝ፤ አጥፍቻለሁ፣ እንካ ዘር፤ ገብሱንም ያወጣው ገበሬው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» አለው። ጎተራውንም ከፈተ። ከዚያ ገበሬው ዘንድ ሄዶ «ፈቃዴን ትመልስልኛለህ ወይ?» ብሎ ጠየቀ።

«ስልቻውን ስታወርድ ተመልሶልሃል» አለው ገበሬው። «በዓመቱ ብትደግመው ግን ሠላሳ ቀን ብለህ እንዳትጠብቀኝ።»

ከሁለት ዓመት በኋላ የገበሬው ቤት ተቃጠለ፤ ጎተራውም አብሮ ነደደ። ከዚያ ሁሉ ልፋት አንዲት ፍሬ አልተረፈችውም። ዘሩን ማን ይዞለት መጣ? ያቺ ባልቴትና ያው ባለጠጋ ናቸው። ገበሬውም እንደማንኛውም ተቀባይ በሽማግሌ ፊት ቆመና እያለቀሰ የገዛ ቃሉን ደገመ፦ «ዘር የጠየቀኝን ዘር አልከለክልም።»

እንግዲህ ማስተዋል፣ ገበሬው አንቺ ነሽ። ዘሩ ኮድሽ ነው፤ ተቆልፎ የተሸጠው ፕሮግራም በሶው ነው፣ ያገለግላል ግን ማንም አያበቅለውም። ትምህርት ቤቶቹ ባልቴቷ ናቸው። ፈቃዳቸው ካንቺ ነውና ምንም አላጠፉም፣ አትንኪያቸው። የድርጅቱ ፈቃድ ግን ቆሟል፤ ይህን ሳትለሳልሺ ጻፊለት። ደግሞም መጀመሪያ ያጠፋ ሰው ማስጠንቀቂያ በደረሰው በሠላሳ ቀን ካረመ ፈቃዱ እንደሚመለስለት የራስሽ ፈቃድ የመጨረሻ ገጽ ላይ ተጽፏል። አላነበብሽውም! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ። በሠላሳ ቀን ካልታረመ ደግሞ ፍርድ ቤት ከዘራዬን ይዤ እኔው ራሴ አብሬሽ እቆማለሁ።

በይ ደብዳቤውን ወዲህ አምጪው፤ እስክሪብቶም ያዢ። «ለዘላለም» የሚለውን ሰርዢና እዚያው ላይ የሠላሳ ቀን ገደብ ጻፊበት።