ጠሟል ያሉት ዲስክ

አንድ ሰው ነበረ። ቀይ ፈጣን መኪና ነበረችው፤ ስትሮጥ ሐር፣ ስትቆም ወንፊት።

ስትሮጥ እንከን አይወጣላትም። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዝ ግን መሪው በእጁ ውስጥ ይንዘፈዘፋል፣ መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለው መቁጠሪያ እስክስታ ይወርዳል።

ይህ ሰው አንዲት እህት ነበረችው። ልጅ ሳሉ በካርቶን መኪና ሲጫወቱ «ሙሽራ ስትሆኚ የምነዳሽ እኔ ነኝ» ብሎ ምሎላታል። አሁን ሰርጓ ሁለት ወር ቀርቶታል። አንድ እሑድ አሳፈራትና ከላይኛው ሰፈር ቁልቁል ወረደ። ታችኛው መታጠፊያ ላይ ፍሬን ሲይዝ ጥርሷ ተንቀጫቀጨ።

«እኔ በዚህ ወንፊት አልሄድም» አለች። «ነፍቶ ነፍቶ ለሙሽራው ገለባዬን ነው የሚያደርስለት።»

«ይሠራል» አላት።

«ካልተሠራ በሙሽራው ወገን መኪና እሄዳለሁ። አላስቀይምህም፤ ግን እሄዳለሁ።»

እየሳቀች ነው ያለችው። እሱ ግን ሌሊቱን አልተኛም።

መኪናዋን ወደ ጋራዥ ወሰዳት። መካኒኩ የፊት ጎማዎቹን አወለቀና ዲስኩን አየ። ዲስክ ማለት ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር የብረት ሳህን ነው፤ ፍሬን ስትረግጥ የፍሬን ሸራ የሚሉት መያዣ ከሁለት ወገን ይጨምቀዋል። መካኒኩ ጣቱን ዳር ዳሩን አስኬደና «ጠሟል» አለ። አዲስ ተገጠመ። አንድ ሳምንት ሰላም ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት መቁጠሪያው ጭፈራውን ቀጠለ።

«ይሄም ጠሟል» አለ መካኒኩ።

ሦስተኛ ተገዛ፤ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ በቅባት ወረቀት የተጠቀለለ። እሱም ጠመመ። ሰውየው ብረት መስደብ ጀመረ። ዘመኑ ጠማማ፣ ሠሪው ጠማማ፣ ሻጩ ጠማማ። ጠማማ ያልሆነ አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ እሱም መሪውን የያዘው ነው።

«ጋሼ፣ እኔ የጠየቅኩዎት ስለ ሚስቴ ነው» ትለኝ ይሆናል፣ ልጄ። «ልቧ ጠማማ ነው ወይ አልኩ እንጂ ስለ ፍሬን መቼ ጠየቅኩ?»

ጠብቅ። ገና አልቆምንም።

ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ጋራዥ ያላት አንዲት ሴት ነበረች። ሰውየው ሲቸግረው ወደ እሷ ሄደ።

«የሚንቀጠቀጠው እጅህ ነው ወይስ መቀመጫህ?» አለችው።

«ምን ማለት ነው?»

«መሪው ከሆነ ከፊት ነው። ወንበሩ ከሆነ ከኋላ ነው። ሁለቱም ከሆነ ሐኪም ቤት ሂድ።»

«መሪው ነው።»

ጎማውን አላወለቀችም። እጇን ጠራርጋ ከጎኑ ተቀመጠች። «እንደ ሁልጊዜህ ንዳ» አለችው።

እንደ ሁልጊዜው ነዳ። ቁልቁለቱን እንደ ጭልፊት ወረደ። ታችኛው መታጠፊያ ላይ ጓደኞቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ እሑድ እሑድ የእሱን አወራረድ ማየት ሥራቸው ነው። ልክ እግራቸው ሥር ቀጥ አደረጋት። ጎማው ጮኸ፣ የጎማ ሽታ ተነሣ። ጓደኞቹ ጣሪያዋን እየደበደቡ «አንተ ሰው፣ ወፍ ነህ» አሉት። እሱም በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ይስቃል፣ ይመልሳል፣ ይስቃል።

ሴትዮዋ ከጓደኞቹ አንዱንም አላየችም። ያየችው እግሩን ነው። ውዳሴው እስኪያልቅ እግሩ ፍሬኑን እንደረገጠ ነበር።

ጋራዥ ሲመለሱ ጎማውን አወለቀች። መርፌ ያላት ትንሽ መለኪያ አመጣችና የዲስኩ ጠርዝ ላይ፣ ሸራው የማይነካው ቦታ ላይ አስጠጋቻት። ዲስኩን በእጇ አዞረችው። መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም።

«ብረቱ ጠማማ ቢሆን እዚህም ይታይ ነበር» አለች። ከዚያ መለኪያዋን ሸራው የሚሄድበት ቦታ ላይ አደረገቻት። ዞረ፣ ዞረ፤ አንድ ቦታ ላይ መርፌዋ ዘለለች። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። እዚያ ቦታ ላይ ግራጫ ጥላ አለ፤ ልክ የሸራው ቅርጽ፣ እንደ ማኅተም።

«ይህ የማን ነው?» አለችው።

ሰውየው ጥላውን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገ፤ አልለቀቀም።

«ከቁልቁለት ስትወርድ ዲስኩም ሸራውም ይግላሉ። ግለው ሳሉ አንድ ቦታ ላይ ተጭነህ ከቆየህ ሸራው ብረቱ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ በኋላ በዞረ ቁጥር እዚያች እብጠት ላይ ይሰናከላል። ወንድሜ፣ ብረቱ አልጠመመም። አንተ ነህ ያተምክበት።»

«ሦስት ዲስክ!» አለ ሰውየው።

«እግርህን ግን አልቀየርክም።»

ሰውየው መጀመሪያ አፈረ፤ ቀጥሎ ሳቀ። እስኪያነባ ሳቀ።

ዲስኩንም ሸራውንም በሻካራ ወረቀት ፈገፈገች። ዲስኩ የሚቀመጥበትን ጠረገች፣ መልሳ ገጠመች፣ ብሎኖቹን እኩል አጠበቀች። «አሁን ሥራው ያንተ ነው» አለችው። «ቁልቁለቱን ውረድ። ፍሬን ያዝ፣ ፍጥነቷ ሲቀንስ ልቀቅ። አትቁም። እንደገና ያዝ፣ እንደገና ልቀቅ። አሥር ጊዜ። ሸራው ዲስኩን ሁሉ ስስ አድርጎ እኩል ይቀባዋል። ከዚያ እስኪበርድ ዝም ብለህ ሂድ። የመጣ ቢመጣ አትቁም።»

«ታች ጓደኞቼ አሉ እኮ።»

«ብታልፋቸው እነሱም አይጠሙም» አለችው።

ወረደ። ያዘ፣ ለቀቀ። ያዘ፣ ለቀቀ። መታጠፊያው ጋ ጓደኞቹ ጣሪያ ሊደበድቡ እጃቸውን አዘጋጅተው ተነሥተዋል። እግሩ በላው። ግን እጁን አውለበለበላቸውና አለፈ።

ጓደኞቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ፍሬን በጠሰ» አለ አንደኛው።

ሁሉም መኪናቸው ውስጥ ዘለው ገቡና ተከተሉት። ሊያድኑት ነው። ጥሩምባ እየነፉ፣ መብራት እያበሩ፣ ሰውን ከመንገድ እያስነሡ። እሱ ከፊት ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ በመስኮት «ደኅና ነኝ» ይላል፤ ማን ይሰማዋል? የሰፈሩ ሰው ሰርግ መስሎት እልል አለ። አንዱ ታክሲ ተደረበ። እንደዚህ ሆነው ከተማውን ዞሩ።

እህቱ ጥሩምባውን ሰምታ በር ላይ ወጣች፤ አንድ ዓይኗ ተኩሏል፣ አንዱ ገና ነው። ብረቱ እስኪበርድ ሁለት ጊዜ ሰፈሩን ዞረና በሦስተኛው አጠገቧ ቆመ።

«ሰርጉ ዛሬ ነው እንዴ?» አለችው።

«ግቢ።»

ገባች፤ የኩሏን ብልቃጥ እንደያዘች። «እንግዲያው ሌላውን ዓይኔን ቁልቁለቱ ላይ እኳላለሁ» አለች። «መስመሩ ከጠመመ ነግሬሃለሁ።»

ወረዱ። ታችኛው መታጠፊያ ላይ ፍሬን ያዘ። መቁጠሪያው አልጨፈረም። እህቱ የኩሉን እንጨት ከዓይኗ አነሣችና በትንሿ መስታወት ተመለከተች። አንድ ዓይኗ ቤት የተኳለ፣ አንድ ዓይኗ መንገድ ላይ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ራሷም አላወቀችም።

«አንተ ነህ የምትነዳኝ» አለች።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ ልጄ።

ሚስትህ ልቧ ጠማማ እንደሆነ ጠየቅከኝ። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ገባ፣ ተሳሳማችሁ፣ ቤት እንኳ ቀየራችሁ፤ ግን ትንሽ ነገር ስትነካችሁ ቤቱ ይንዘፈዘፋል አልከኝ። በራስህ አፍ ደግሞ ምን እንደምትል ነገርከኝ፤ «ዛሬ ሳይለይለት ከዚህች ወንበር ንቅንቅ አልልም»። እየው፤ እግርህ ይኸውልህ። ሁለታችሁም በጋላችሁበት ሰዓት አንዲት ቃል ላይ ተጭነህ ትቆያለህ። ያቺ ቃል ቅርጿን አትማ ትለጠፋለች። በማግስቱ የምትሰናከሉት እሷ ላይ ነው፤ አንተ ግን ብረቱን ትሰድባለህ።

መጀመሪያ ያቺን ቃል ፈግፍጋት። «ይህን ብዬሽ ነበር» ብለህ፣ ያንኑ ያልከውን ቃል ጠርተህ ይቅርታ ጠይቅ። ከዚያ ስትግሉ ያዝ፣ ልቀቅ። ውኃ ቅዳ፣ ልብስ ከገመድ አንሣ፣ ተመልሰህ ተናገር። መቆም ሲበርድ ነው።

አሁንም ግለሃል፤ ፊትህ ይናገራል። ስለዚህ ወደ ቤትህ በቀጥታው መንገድ አትሂድ፤ በገበያው በኩል ዙር። ደርሰህም እየተኳለች ካገኘሃት፣ እጇ እንዳይንቀጠቀጥ በሩን ቀስ አድርገህ ክፈት።