ማር እምቢ ያሉ እንግዶች

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ ጆሯችሁ ከእኔ ጋር ነው? እንግዲያው ቀረብ በሉ።

ብዙ ባልራቀ ዘመን፣ ጉም ከማይለየው ተራራ ሥር፣ ፀሐይ እንኳ ፈቃድ ጠይቃ በምትገባበት ጥቅጥቅ ጫካ ውስጥ አንዲት ሚዳቋ ነበረች። እመት ሚዳቋ ገና የወለደችው አንድ ግልገል ነበራት። ከእሱ በፊት ሁለት ወልዳ ሁለቱም አላደጉላትም። ስለዚህ ይሄን አንዱን ከእግር መንገዱ ዳር ካለ ቁጥቋጦ ሥር ደብቃ፣ ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር ልቧ ድንግጥ ይላል።

በዚያ መንገድ ሰዎች ይመጡ ነበር። ጫካው ፓርክ ሆኗል ከተባለ ወዲህ ጠመንጃ አይዙም፤ መጥረቢያም አይዙም። ፊት ፊት ቃሲም የሚባል አስጎብኚ ይመራል፤ እንግዶቹ ከኋላው ይከተላሉ፤ አንገታቸው ላይም ሩቁን የሚያቀርብ ሁለት ሁለት ትርፍ ዓይን አንጠልጥለዋል። ይመጣሉ፣ ይቆማሉ፣ ያያሉ፣ ይሄዳሉ።

እመት ሚዳቋ ግራ ገባት። «መጡ፣ ቆሙ፣ አዩ፣ ሄዱ። ምን ፈልገው ነው?»

ነገሩ አልዋጥ ቢላት ወደ ጉሬዛ ሄደች። ጉሬዛ ዝግባው ላይ ነጭ ካባውን ዘርግቶ ተቀምጧል።

«አያ ጉሬዛ፣ እነዚህ ሰዎች ምን ፈልገው ነው?»

«ካባዬን ነዋ!» አለ ተኮፍሶ። ወዲያው ግን አገጩን አከከ። «ግን እኮ የአያቴን ካባ ከላዩ ገፈው ነው የወሰዱት። የእኔን አይተው ‹ሲያምር!› አሉና ሄዱ። ካማረ ለምን አልወሰዱትም? እኔንም ግራ ገብቶኛል።»

ግራ የገባት ሄዳ ግራ የገባው አገኘች። ቀጥላ ማር የምትጠቁመውን ወፍ ጠየቀች።

«እትዬ ወፊት፣ እነዚህ ሰዎች ምን ፈልገው ነው?»

«ተይኝ እባክሽ!» አለች ወፏ። «ሰው ከሆኑ ብዬ እየጮህሁ ወደ ማሩ ጠራኋቸው። ቆሙ። አዩኝ። ፈገግ አሉ። ከዚያ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ማር እምቢ የሚል ሰው በእናቴም ዘመን በእኔም ዘመን አልታየም።»

ሚዳቋ ይብሱን ግራ ገባት። በመጨረሻ መንገዷን ራሷን ጠየቀች።

«እቴ መንገድ፣ የሚረግጡሽ ናቸውና አንቺ ሳታውቂ አትቀሪም።»

«ሲገቡም ሲወጡም ክብደታቸውን አውቀዋለሁ» አለች መንገዷ። «አንዲት ቅጠል እንኳ አይጨምሩም። ዳገቱን እያለከለኩ እያማረሩ ይወጣሉ፤ ሲመለሱ ግን ይስቃሉ። ምንም ሳያገኝ የሚስቅ ሰው እኔን ያስፈራኛል።»

ይህን ሁሉ ነብር ከቀርከሃው ውስጥ ሆኖ ያዳምጣል። ነብር ያቺን መንገድ ሲጠላት ለጉድ ነው። በዚያ ዳር ካደነ ሰው ያየዋል፤ ሰው ካየው ጉሬዛ ይጮሃል፤ ጉሬዛ ከጮኸ ጫካው ሁሉ ይሰማል፤ ያን ቀን ጾሙን ያድራል። የግልገሏን ሽታ ግን ነፋስ አድርሶለታል።

«እመት ሚዳቋ» አላት ከሩቅ ሆኖ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ጭንቀትሽ አንጀቴን በላው። እስቲ ልጠይቅሽ። እንግዳ ቤትሽ ገብቶ፣ ቅመስ ሲሉት እምቢ ብሎ፣ ዓይኑን ብቻ ሲያንከራትት ቆይቶ ቢወጣ ምን ይባላል?»

«ክፉ አስቧል ይባላል።»

«ማር እምቢ ያለ ታዲያ ምን ቢያስብ ነው? ከማር የሚበልጥ ምን አለሽ?»

ሚዳቋ ወደ ቁጥቋጦው ዞር አለች።

«ልጄን!»

«እንግዲህ አንቺው ተናገርሽው። ወደ ቀርከሃው አሽሺው፤ እዚህ ሰው አይደርስም። እኔም ላይኛው ሜዳ አይጥ ፍለጋ ልወጣ ነው።»

«አንተ ግን ነብር ነህ» አለች ሚዳቋ።

«ነኝ! መች ደበቅሁሽ? ምን እንደምበላ ታውቂያለሽ። እነሱስ ምን ይበላሉ? አታውቂም። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ሲባል አልሰማሽም?»

ሰምታለች። እናቷም ትለው ነበር። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ እሷም ግልገሏን ቀስቅሳ ተነሣች። እስቲ ፍረዱ! ነብር ልጅሽን ሰፈሬ አምጪው ሲላት እሺ አለች። ግራ የገባው ሰው የማይሰማው ምክር የለም።

መንገዱን ተሻገሩ። ቀርከሃው ውስጥ ገቡ። ጉሙ ወፍሯል፤ ላዩም ታቹም አይለይም። ጥቂት እንደሄዱ ግልገሉ ቆመ።

«እማዬ፣ እዚህ ለምንድን ነው ወፍ የማይጮኸው?»

እመት ሚዳቋ ጆሮዋን ቀሰረች። እውነትም ወፍ የለም። ጥንዚዛም የለም። ከቀርከሃው ግንድ መሐል አንድ ነጠብጣብ ያለበት ጅራት ቀስ ብሎ ሲወዛወዝ አየች። ላይኛው ሜዳ የሄደ ነብር ጅራቱን እዚህ አይተውም።

«ሩጥ ልጄ!»

እግሬ አውጪኝ አሉ። የግልገሉ እግር ገና አልጠናም፤ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ይወድቃል። እናቱ በግንባሯ እየገፋች መንገዱ ዳር ስትደርስ ቃሲምና እንግዶቹ ከፊቷ ተገትረዋል። ከኋላዋ የምታውቀው፣ ከፊቷ የማታውቀው። ወዴት ትግባ? አንድ እግሯን አንሥታ ቆመች።

ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ግልገሏን ወደ ሰዎቹ ገፋችው።

ነብርም ተወርውሮ ከጉሙ ወጣ፤ ወጥቶም ከሰዎቹ ጋር ዓይን ለዓይን ገጠመ። ቃሲም እጆቹን ዘርግቶ እንግዶቹን ከኋላው አደረገና «ነብር! እንዳትንቀሳቀሱ!» አለ። ጉሬዛ ሰማ። ጮኸ። ወፊቱ ተቀበለችው፤ ጫካው በአንድ አፍ ተንጫጫ። ነብር ዞር ዞር ቢል የሚደበቅበት ድምፅ የሌለው ቦታ አጣ። «ኤጭ!» ብሎ ጅራቱን ጎትቶ ቀርከሃው ውስጥ ገባ።

አሁን ዋጋቸውን ይጠይቃሉ ብላ ሚዳቋ ጠበቀች። ግልገሏ እግራቸው ሥር ነው፤ እጅ ቢሰዱ ይይዙታል። አንዲት እንግዳ ጎንበስ ልትል ስትል ቃሲም ክንዷን ያዘ።

«ተይው እህቴ፣ እናቱ አለች። እንለፍላቸው።»

ቆሙ፣ አዩ፣ ሄዱ።

ግልገሉ እናቱን ተጠግቶ ጠየቃት፤ «እማዬ፣ እነዚያ ምን ፈልገው ነበር?»

«እኔ እንጃ ልጄ። ዛሬም አልገባኝም።»

«ነብሩስ?»

እመት ሚዳቋ አንገቷን ደፋች። አፈረች።

«እሱማ… እሱን ድሮም አውቀው ነበር።»

እኔ ይኸው ከጫካው ወጣሁ፤ ጉሙ ውስጥ የቀራችሁ ካላችሁ ድምፄን ተከትላችሁ ውጡ። የማያውቁትን ሲፈሩ፣ የሚያውቁትን ይረሳሉ።